ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

እኔ ስደርስ ወሬ ይቆማል። የሥራዬ ዕጣ ነው፣ ለምጄዋለሁ እል ነበር። ሲሳሳቁ የነበሩት ሠራተኞች አካፋቸውን ያነሳሉ፣ ፎርማኑ ሄልሜቱን ፍለጋ ይሯሯጣል፣ ባለቤቱ ካለ ደግሞ ጥርሱን ያሳየኛል። ሆዱን ግን እሱም እኔም እናውቀዋለን። ቁርስ ሰዓት ላይ ከደረስኩ በትሪው ዙሪያ የተቀመጡት "ኢንጅነር፣ እንብላ" ማለቱን አያስቀሩም። እውነት መስሎኝ ብቀመጥ ግን ጉርሻው ጉሮሯቸው ላይ እንደሚቀር ስለማውቅ "ብሉ፣ ጠግቤያለሁ" ብዬ ፌሮውን ልፈትሽ እሄዳለሁ። ደግሞም ብበላ ነገ "በእንጀራ ተገዛች" መባሌ አይቀርም። የግንባታ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሰው ሥራውን እንዲያቆም የምነግር ሰው ነኝ በቃ።

ያኔ አርባ ልደፍን ትንሽ ነበር የቀረኝ። አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። የግቢው ሰዎች ሥራዬን እስኪያውቁ ድረስ ሰላምታቸው ደህና ነበር። ካወቁ በኋላ አንዷ ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ የቀጠለቻትን የቆርቆሮ ማድቤት በመጋረጃ ሸፈነቻት። ኧረ እኔ ምን አገባኝ፣ ወደ ቤቴ ስገባ እኮ እኔም እንደሷ ራት የምሠራ ሰው ነኝ። ግን ይሄንን ለማን ትነግሪዋለሽ? ዓርብ ማታ ቻርጅ ያደረግኩት ስልክ ሰኞ ድረስ ይቆይልኝ ነበር፣ ማን ሊደውል። ብቸኛ ነበርኩ፣ ምን አሽሞነሙነዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ካቻምና ሐምሌ ላይ ነው። ቁስቋም፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ባለሀብት ለፎቅ መሠረት ያስቆፍር ነበር። ዳገት ላይ ስትቆፍር ከበላይህ ያለውን ጎረቤት እግር ነው የምትበላው። ከበላይ ያሉት ጎረቤት ደግሞ እማማ ዘርፌ ነበሩ፤ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ በአንዲት የቀበሌ ጭቃ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። ቤቷ የቆመችው በድንጋይ ግንብ ላይ ነው፤ ግንቡም ቁፋሮው አፋፍ ላይ ቀርቷል። ቁፋሮው እንዲቆም፣ አፈሩም እንዲደገፍ አዝዤ ነበር። መቆሙን ቆመ። ድጋፉ ግን "ነገ፣ ነገ" ሲባል ዝናቡ ቀደመው።

ከጥቂት ቀናት በፊት ግንቡ ላይ ስንጥቅ አይቼ፣ ስንጥቁን አቋርጠው የሚያልፉ መስመሮች በቀይ ቀለም አስምሬበት ነበር። እኛ የምንሠራበት ዘዴ ነው። መስመሩ እንዳለ ከቆየ ግንቡ አልተንቀሳቀሰም፤ ለሁለት ከተለያየ ግን አፈሩ እየሄደ ነው ማለት ነው። እማማ ዘርፌ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄደው አላገኘኋቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ላይ ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ መቼም እናንተም አትስቱትም። ይፈርሳል ማለት ነው። እኔ ስለ ግንቡ የጻፍኩትን ሰፈሩ ስለ ቤቱ አድርጎ አነበበው።

የዚያን ቀን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ላይ ጥቂት ፋታ ሰጠ። በቁፋሮው በኩል ገብቼ ግንቡን ቀና ብዬ አየሁት። ቀይ መስመሮቹ ተለያይተዋል። ጥፍር የማያስገባ የነበረው ስንጥቅ አሁን እጄን ይውጣል። ከሥሩ የሚወጣው ውኃ ደግሞ አፈር ይዞ ነው የሚወርደው፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። ፎርማኑን ጠራሁት።

"ሠራተኞቹን በሙሉ ከጉድጓዱ አውጣ። አሁኑኑ።"

"ኢንጅነር፣ ፓምፑን ብቻ እናንሳና..."

"ፓምፑን ተወው አልኩህ።"

ፊቴን ሲያይ አልተከራከረም። እኔ ዳገቱን ዞሬ ወደ እማማ ዘርፌ በር ሮጥኩ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደበደብኩት።

"ማነው?"

"እማማ፣ ከግንባታ ቁጥጥር ነው። ሰናይት እባላለሁ። ቤቱ ሊወድቅ ስለሆነ እባክዎ ቶሎ ይውጡ።"

"ቀዩን የቀባሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ ግን እማማ..."

"እንግዲያው እኔን ሳታፈርሺ ቤቴን አታፈርሺም" አሉኝ፣ ያውም ረጋ ብለው።

ስለ መስመሩ አስረዳሁ፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ውኃው። ከቆርቆሮ በር ውጭ እየጮኹ ስለ አፈር ማስረዳት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። "ስንት ሰበብ ሰምተናል ልጄ፣ ያንቺ ደግሞ አዲስ ነው" አሉ። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩባቸውም። የቀበሌ ቤት "ለጊዜው" ተብሎ ለቆ የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ እኔም አይቼ አላውቅም።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "ፖሊስ ጥሪና አስወጫቸው" ብሎ ዘጋው። ፖሊሶቹ ጎርፍ የገባባቸው ሰዎች ጋ ነበሩ፣ "እንደጨረስን እንመጣለን" አሉኝ። እኔ ስልኬን ይዤ ስንቆራጠጥ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መጡ። ፊት ፊት የምትሄደው ሰብለ ትባላለች፣ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ጎልማሳ ሴት ናት። ቢጫ ሰደርያዬን ከላይ እስከ ታች አየችውና አለፈችኝ። በሩን በስሱ ቆረቆረች። "ሰብለ፣ ግቢ" ተብሎ ተከፈተላት። እሷ ገባች፣ ሌሎቹም ተከትለዋት ገቡ፣ በሩ ተመልሶ ተቀረቀረ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰው ያለበትን ቤት ደፍረው አያፈርሱም ብለው ነው የገቡት። ጎረቤታቸውን ሊያድኑ። አንዲት አሮጊት የነበረችበት አደጋ አሁን ቤት ሙሉ ሰው ሆነ።

"ሰብለ ነው ያሉሽ? እህቴ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ውጡ" አልኩ በመስኮቱ።

"አፍርሺዋ እንግዲህ" አለች። "ሁላችንም አለንበት።"

ደሜ ፈላ፣ ቀጥሎ ደግሞ እንባዬ መጣ። ውሸታም ሆኜ አላውቅም። ግን እዚያ ዳገት ላይ፣ እንኳን ዳገቱ ላይ በጠቅላላው ጉለሌ ውስጥ፣ "የእንትና ልጅ ናት፣ እመኗት" የሚልልኝ አንድ ሰው አልነበረኝም። ሌላው ይቅርና ስሜን የሚያውቅ የለም፤ "ኢንጅነር" ነው የሚሉኝ። ሰው ብቻውን መሆኑ ራሱን ብቻ የሚጎዳ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን የኔ ብቸኝነት ሌላ ሰው ሊገድል ነበር።

እዚያ ቆሜ ከማልቀስ ብዬ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ሱቅ ሄድኩና በዚህ ሰፈር የማን ቃል እንደሚሰማ ጠየቅኩ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙላቱ ናቸው አሉኝ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ቤታቸው ሄጄ ሳንኳኳ ቆባቸውን ደፍተው ጃንጥላ ይዘው ወጡ።

"ልታፈርሱት ነው?" አሉኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ።

"እኔ አላፈርሰውም ጋሼ። ራሱ ነው የሚፈርሰው። እኔን አይመኑኝ፣ መጥተው በዓይንዎ ይዩት።"

ከቁፋሮው ማዶ ወስጄ ግንቡን አሳየኋቸው። ቆመን ስናይ አንድ ድንጋይ ከግንቡ ወልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጋሽ ሙላቱ ቆባቸውን አወለቁ።

"ሴቶቹ ውስጥ ናቸው?"

"ውስጥ ናቸው።"

"ባለቤቴም አብራቸው ናት" አሉ።

ዳገቱን እኔ እስክደርስባቸው ቀድመውኝ ወጡ። በሩ ላይ ሆነው "ዘርፌ፣ ክፈቺ፣ ሙላቱ ነኝ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው" ሲሉ ከውስጥ የመለሰችላቸው ባለቤታቸው ነበረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ዞር በልልን። ድሮም ወረቀት የያዘ ሰው ካየህ ጉልበትህ ይርዳል።"

ጋሽ ሙላቱ እኔን ላለማየት ጃንጥላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። የኔ ነገር ለሳቸውም ተርፎ፣ ማንም የማያምነን ሁለት ሆንን። በመስኮቱ ቀዳዳ እማማ ዘርፌን ለመንኳቸው።

"እሺ እማማ፣ የቱ ነው የሚያስፈራዎ? ይንገሩኝ።"

"ዞር ስል ታሽጉታላችሁ። በዚህ ዝናብስ የት ልሂድ? ከደጄ አልርቅም።"

ይቺን "ከደጄ አልርቅም" ያዝኳት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከቁፋሮው ርቆ፣ ትንሽ ሜዳ አለች፤ መሬቷ ጠንካራ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የእማማን በር ፊት ለፊት ያያል።

"ጋሼ፣ እዚያ ሜዳ ላይ መጠለያ ብናደርግላቸውስ? እድራችሁ ድንኳን የለውም?"

አተኩረው አዩኝ። "የእድሩን ድንኳን ነው የምትዪኝ?"

"ከዝናብ እስካስጠለለ ድረስ..."

"አንቺ ልጅ፣ እድር የለሽም እንዴ?"

"የለኝም።"

ሕመሜን የነገርኳቸው ይመስል ከንፈራቸውን መጠጡ። "ልጄ፣ ሰው ሳይሞት የለቅሶ ድንኳን አይተከልም። ሟርት ነው። በዚህ ሰፈር ተደርጎ አያውቅም።"

"ሰው እስኪሞት ከጠበቅንማ መተከሉ አይቀርም" አልኳቸው።

አነጋገሬ ሻካራ ነበር፣ አውቃለሁ። ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ታች ወረዱ። አስቀየምኳቸው፣ በቃ እሳቸውንም አጣኋቸው ብዬ ቆረጥኩ። ዝናቡ ተመልሶ ጀመረ። ቆርቆሮው ሥር ቆሜ በሩን ደጋግሜ አንኳኳሁ። ከውስጥ ሴቶቹ ቀስ ብለው ሲጸልዩ ይሰማኛል። ቤቷ አሁን ብትወድቅ፣ እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ነው የቆምኩት፣ ብሞት ማነው የሚደወልለት የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አሰብኩ አሰብኩ፣ የአለቃዬ ስም ነው የመጣልኝ።

ጋሽ ሙላቱ ግን ጥለውኝ አልሄዱም ነበር። ከሰፈሩ ወንዶች ጋር የድንኳኑን ሸራና ብረት ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። እኔም ሄጄ ገመድ ያዝኩ። ካስማው በመዶሻ ሲመታ ድምፁ በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የእማማ ዘርፌ በር ገርበብ አለ። የሰብለ ፊት ብቅ አለ። ድንኳኑን ስታይ ከለሯ ተለወጠ።

"ማነው? ማን አረፈ?"

የመለሰላት የለም፣ ሁሉም ገመድ ላይ ነው። ወጣች። ከኋላዋ ሌላዋ ወጣች። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ አንዳንዷም ከወዲሁ ዓይኗን እየጠረገች፣ ተራ በተራ መንገዱን ተሻገሩ። የጋሽ ሙላቱ ባለቤት የምታውቀውን የታመመ ሰው ሁሉ ስም እየጠራች "እሷ ናት? እሱ ነው?" ትላለች። በሩ ክፍት ቀረ፣ ስለ ቤቱ ያስታወሰ የለም። ድንኳን ተተክሎ ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው በዚያ ሰፈር አልተፈጠረም። ጋሽ ሙላቱ ይሄንን አስበውበት ይሁን እንዲያው ለዝናቡ ብለው፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ስጠይቃቸው ወሬ ያስቀይሳሉ።

በመጨረሻ እማማ ዘርፌ ወጡ። የመጀመሪያዬ ነበር ሳያቸው። አጭር ናቸው፣ በጣም አጭር። ለቅሶ የሚሄዱ መስሏቸው ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርገዋል።

"ሙላቱ፣ ማንን ነው ያጣነው?"

"ማንንም አላጣንም ዘርፌ። ግቢና ቁጭ በይ።"

እንደተታለሉ ሲገባቸው መለስ ብለው ወደ በራቸው አቀኑ። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ዞር በይ።"

"አልዞርም። እማማ፣ እዚያ ቁጭ ብለው በርዎን ይጠብቁ። የሚያሽገው ሰው ቢመጣ እኔ እቆምለታለሁ። ነገ ጠዋት ቤቱ ቆሞ ከተገኘ እኔው ራሴ አስገባዎታለሁ፣ አብሬም አድራለሁ።"

"ማን አምኖሽ?"

"ማንም" አልኩ። "ማንም አያምነኝም። ግን ይቀመጡልኝ።"

ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ዞረው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው በራቸውን በሚያዩበት በኩል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰብለ ሻይ አምጥታ ለሁሉም አደለች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። "በሻይ ተገዛች" የሚል ካለ ይበል።

"አገርሽ የት ነው?" አሉኝ እማማ ዘርፌ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳያነሱ።

"ወሎ።"

"እናት አለሽ?"

"አርፋለች። ዓምና።"

"የት ተቀመጥሽላት?"

"አልተቀመጥኩም። አገር ቤት ቀብሬያት ተመለስኩ፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እዚህ የሚያውቃት ሰው የለም፣ ለማንም አልተናገርኩም።"

ያኔ ነው ከበሩ ዓይናቸውን ያነሱት። "አንድም ሰው ያጥናሽ አላለሽም?"

"አላለኝም።"

እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው ቆዩ።

ቤቱ የሄደው አመሻሽ ላይ ነው። መጀመሪያ ቡትቶ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማን። የጣሪያው ቆርቆሮ አጓራ፣ የኋላው ግድግዳ ከዓይናችን ጠፋ፣ ቤቱ በጀርባው ወደ ጉድጓዱ ተንሸራተተ። የፊቱ ግድግዳ ብቻ ከነ በሩ ቆሞ ቀረ፤ በተከፈተው በር ሰማይ ይታያል። የጋሽ ሙላቱ ባለቤት የባሏን እጅ ያዘች፣ እሳቸውም ያዟት። ሰብለ መሬት ላይ ተቀምጣ "እኔ ነኝ ሁሉንም ያስገባኋቸው፣ እኔ ነኝ" ትላለች።

እማማ ዘርፌ በሩን እያዩ "ባሌን በዚያ በር ነው ያወጣሁት" አሉ። ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሴቶቹ ከበቧቸው። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ ለሰው እንደሚለቀሰው። ጋሽ ሙላቱ ቆመው "ድንኳኑ አይነሳም፣ እንዳለ ይቆይ" አሉ። ፖሊሶቹም የመጡት ያኔ ነው፤ የት ነበራችሁ አልልም፣ እነሱም ሰው ሲያወጡ ነው የዋሉት።

ሪፖርቴን ልጽፍ ተነሳሁ። የሚጠሉኝም መሰለኝ፤ ቀይ ቀለሙን የቀባችው፣ ይኸው ቤቱም ፈረሰ። እማማ ዘርፌ ሰደርያዬን ያዙ።

"የት ነው? ቁጭ በይ።"

ተቀመጥኩ። የእድሩ ሰው ከየቤቱ መምጣት ጀመረ። ጎንበስ እያሉ "እግዜር ያጥናዎ" ይሏቸዋል፣ ከጎናቸው ያለሁት እኔ ስለሆንኩ እጄን ይዘው "ያጥናሽ" ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ "ልጅዎ ናት?" ሲሉ እማማ "አዎ" አሉ። ያኔ ነው የተሸነፍኩት። ዓመት ሙሉ የታመቀው እንባ እየተንሰቀሰቅኩ ወጣ። "እናቴ፣ እናቴ" እል ነበር። ሰዉ ለቤቱ ያለቀስኩ መሰለው። እማማ ዘርፌ ብቻ ናቸው ያወቁት፣ ጭንቅላቴን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉት።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ለአንዲት ጭቃ ቤት፣ ለእማማ ባል ትዝታ፣ ለእናቴም። ባለሀብቱ በሕግ ተጠየቀ። እማማ ዘርፌ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ እዚያው ሰፈር ሌላ ክፍል ተሰጣቸው፤ ደጅ ጥናቱ ላይ አብሬ ነበርኩ፣ እድሩም አብሮ ነበር።

ይህን የምታነቡ በከተማው ብቻችሁን የምትኖሩ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። እድር ቀብር ብቻ ይመስላችኋል፣ የሽማግሌ ነገር። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። እኔን ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው፤ ስትሞቱ የሚቀብራችሁን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ "ውጡ" ስትሉ የሚያምናችሁን ነው የምታገኙት። አሁን ቀለም ከመቀባቴ በፊት በር አንኳኳለሁ፣ ስሜን እናገራለሁ፣ ሰው ከሌለ ተመልሼ እመጣለሁ። የቁስቋሙ እድር አባል ነኝ፣ ከአዲሱ ገበያ እየወጣሁ ለቅሶ እደርሳለሁ። ወሬው ግን አሁንም እኔ ስደርስ ይቆማል፤ ሥራው ነውና እሱ አልተለወጠም።

እማማ ዘርፌ ግን የአፈሩን ነገር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉኝም። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። እንግዳ ሲመጣባቸው እጄን ይይዙና ያስተዋውቁኛል።

"ቤቴን ያፈረሰችው ልጄ ናት" ይላሉ።